የወገብ ሽመና፤ ታሪኩና አጀማመሩ

ከመካከላችን ነጠላ ሳይደርብ፥ በጋቢ ሳይጠቀለል ያደገ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የለበስነው ሸማ ከፈትል ተነሥቶ ልብስ እስኪሆን ድረስ በምን ዓይነት መንገድ እንዳለፈ ቢጠይቁን፥ አጥርተን የምንመልስ ብዙዎች አይደለንም። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነንም ይኸው ያለማወቃችን ነው። ከመሥሪያ ቤት መልስ የምትተርፈውን ጊዜ በእጅ ሥራ ለማሳለፍ አስበን፥ ምን ብንሠራ ይሻላል እያልን መጻሕፍት ስናገላብጥ፥ ጉድጓድ ሳያስቆፍር በጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ የሚሠራበት፥ ሥራው ሲበቃ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር የሚገባ አንድ የሽመና ዕቃ አገኘን። ይህም በወገብ የሚታጠቁት መሸመኛ ነው። ቀላል መስሎን ጀመርነው። ቀላል አለመሆኑን በተረዳን ጊዜ ደግሞ ታሪኩን ለማወቅ ፈለግን፤ ታሪኩም ከሥራው ይበልጥ ያዘን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከሁለቱም ያገኘነውን ነው። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንናገር። የወገብ መሸመኛ እንደ አገራችን ሸማኔ ዕቃ በመሬት ላይ የተተከለ ቋሚ የለውም፤ በእግር የሚረገጥም ነገር የለውም። ሁለት ዘንጎች አሉ፤ ድሩ በሁለቱ መካከል ይወጠራል። አንደኛው ዘንግ በገመድ ከዛፍ ወይም ከቤት ምሰሶ ጋራ ይታሰራል፤ ሁለተኛው ዘንግ ከሸማኔዋ ወገብ በስተኋላ በሚዞር ሰፊ መታጠቂያ ይያዛል። ሸማኔዋ ማለታችን በስሕተት አይደለም፤ ይህ ሥራ በአብዛኛው ስፍራ የሴቶች ነውና። ሴቲቱ ወደ ኋላዋ ስትለጠጥ ድሩ ይጠብቃል፤ ወደ ፊት ዘንበል ስትል ይላላል። በድሩ ውስጥ አንድ ወፍራም በትር ይገባና ክሮቹን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያደረገ ይለያቸዋል። ከታች የቀሩት ክሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው በክር ቀለበት ተይዘው ከሌላ ቀጭን ዘንግ ጋራ ይታሰራሉ። ይህ ዘንግ ሲነሣ የታቹ ክር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማጉም በአንዱ አፍ ሄዶ በሌላው አፍ ይመለሳል። ከዚያም እንደ ሰይፍ ተልጎ የተሳለ ጠፍጣፋ እንጨት በድሩ አፍ ገብቶ ማጉን እየመታ ያጠጋዋል። ዕቃው ይኸው ነው።

ሥራው አልቆ ድሩ ሲፈታ የሚቀረው ጥቂት በትርና አንድ ገመድ ነው፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያገኘው ለማገዶ ይለቅመዋል። ስለዚህም ብዙዎች ኋላ ቀር ዕቃ ነው ብለው ንቀውታል። እኛ ግን ይህ ስም የሚገባው አይመስለንም። በፋብሪካ ያለው መኪና ብዙ ክፍሎች ስላሉት አንቀሳቃሹ ጥቂት ቢያውቅ ይበቃዋል። የዚህኛው ዕቃ ክፍሎች ያነሱት ግን የቀሩት ክፍሎች በሠራተኛዋ ወገብ፥ በጣቶችዋና በአእምሮዋ ውስጥ ስላሉ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የወገብ ሽመና ብዙ መንግሥታት ሲወድቁ እርሱ ሳይወድቅ የቀረበትን ምክንያት የምናገኘው ከዚሁ ነው።

የዚህ ዕቃ ዕድሜ ረጅም ለመሆኑ ማስረጃው በሦስት አገር የተገኙ የእጅ ሥራዎች ናቸው። በደቡብ ቻይና ዩናን በሚባለው ክፍል የዲያን መንግሥት መኳንንት መቃብር ሲቆፈር፥ በክዳናቸው ላይ ትናንሽ የሰው ምስሎች የቆሙባቸው የነሐስ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ዕቃዎቹ ዛጎል ማስቀመጫ ነበሩ። በእነዚህ ክዳኖች ላይ ከተሠሩት ትዕይንቶች አንዱ የሽመና ሥራ ነው፤ ሴቶች በመሬት ተቀምጠው፥ መታጠቂያውን በወገባቸው አዙረው፥ የወዲያኛውን ዘንግ በእግራቸው እየገፉ ይሸምናሉ፤ ከእነርሱ ከፍ ብላ የተቀመጠች አንዲት እመቤት ትቆጣጠራቸዋለች። ይህ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛውና በመጀመሪያው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ደግሞ በሰሜን ፔሩ የኖረው የሞቼ ሕዝብ የሠራው አንድ የሸክላ ዕቃ አለ። በአፉ ዙሪያ ሴቶች በጣራ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ መሸመኛቸውን ከምሰሶው ጋራ አስረው ሲሠሩ ተሥለዋል። ሦስተኛው ከሜክሲኮ ነው። በካምፔቼ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከሃይና ደሴት መቃብሮች፥ ከ600 እስከ 900 ባለው ዘመን የማያ ሕዝብ ከሠራቸው የጭቃ ምስሎች መካከል መሸመኛዋን ታጥቃ የተቀመጠች ሴት ተገኝታለች፤ ድሩ በታሰረበት ግንድ ላይም አንዲት ወፍ ሰፍራለች። ሠሪው ይችን ወፍ ምን ብሎ እንደ ጨመራት እንጃ፤ እኛ ግን በመስኮት ብረት ላይ አስረን ስንሠራ ብዙ ጊዜ ትዝ ትለናለች።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ኮዴክስ ሜንዶዛ የተባለው የሥዕል መጽሐፍ ነው። እስፓኞች የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን በ1521 ከያዙ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ፥ የአገሩ ሠዓልያን በገዛ ሥርዓታቸው ሥለው ለእስፓኝ ንጉሥ እንዲላክ ያዘጋጁት ነው። መርከቡን በመንገድ ላይ የፈረንሳይ የባሕር ሽፍቶች ማረኩት ይባላል፤ መጽሐፉም ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የልጆች አስተዳደግ በየዓመቱ ተሥሏል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከሚቀርቡላት ነገሮች አንዱ እንዝርት ነው። ገና በአራት ዓመትዋ እናትዋ የፈትሉን ዕቃ ታሳያታለች፤ በስድስት ዓመትዋ ልጅቱ ራስዋ ትፈትላለች። በዘጠኝ ዓመትዋ በሥራዋ የሰነፈች እንደ ሆነ እጅዋ በእሾህ ሲወጋ ይታያል። በዐሥራ ሦስት ዓመትዋ በቆሎ ትፈጫለች። በዐሥራ አራት ዓመትዋም እነሆ፥ ገመዱ ከግንዱ ታስሮ፥ መታጠቂያው ከጀርባዋ ዞሮ፥ በመሸመኛ ፊት ተቀምጣለች፤ እናትዋም በፊትዋ ሆና ታስተምራታለች። ከራስዋ በላይ ለአንድ ምግብ የሚፈቀዱላት ሁለት ቂጣዎች ተሥለዋል።

እንግዲህ ከእንዝርት እስከ መሸመኛ ስምንት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። እኛ በስምንት ቀን እንጨርሰዋለን ብለን ለጀመርነው ሰዎች ይህ ሥዕል ትልቅ ተግሣጽ ሆነን።

ነገር ግን የልጅቱ ሥራ ለቤት ልብስ ብቻ አልነበረም። በዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል፥ የተገዙት አገሮች ለአዝቴክ ንጉሥ የሚያገቡት ግብር በዝርዝር ተሥሏል፤ ከግብሩም ታላቁ ድርሻ የጥጥ ሸማ ነው። ነጩ ሸማ በገበያ እንደ ገንዘብ ሆኖ ዕቃ ይገዛበት ነበር። ወደ ደቡብ ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። እስፓኞች በ1532 ፔሩ ገብተው ወርቅ ሲፈልጉ፥ እስከ ጣራቸው ድረስ በታሰረ ልብስ የተሞሉ ጎተራዎች አግኝተዋል። ጆን ሙራ የተባለው ሊቅ በ1962 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ በኢንካ መንግሥት ጨርቅ የወታደር ደመወዝ፥ የመኳንንት ሽልማት፥ የአማልክት መሥዋዕትና የዕርቅ ማሰሪያ ነበረ። ስለዚህ መንግሥቱ የቆመው በጦር ብቻ ሳይሆን በሸማኔም ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እስፓኞችም ይህን ፈጥነው አስተዋሉ። የቀድሞዎቹ ነገሥታት ሲጠፉ የሸማው ግብር አብሮ አልጠፋም፤ ተቀባዩ ብቻ ተለወጠ። ፔድሮ ዴ አልቫራዶ በ1524 ጓቴማላ ከገባ በኋላም የማያ ሴቶች በወገብ መሸመኛቸው ለአዲሶቹ ጌቶች መሥራት ግድ ሆነባቸው። ከዚህም በላይ እስፓኞች በእግር የሚረገጠውን የኤውሮፓ መሸመኛ አምጥተው ኦብራሄ የሚባሉ የሥራ ቤቶች አቋቋሙ። በእነዚህ ቤቶች የአገሩ ሰዎች በዕዳና በግዳጅ ተይዘው ይሠሩ ነበር። ባለ መርገጫው መሸመኛ በጓቴማላ ደጋ እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የወንዶች ነው፤ በወገብ የሚታሰረው ግን የሴቶች ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ ፈጣኑ ዕቃ ሲመጣ ዘገምተኛው ስለ ምን አልጠፋም? አንደኛው ምክንያት ቀደም ብለን የተናገርነው ነው። ሁለት በትርና ገመድ ማን ይወርሳል? ገዢው ቢያቃጥለው ሴቲቱ በማግስቱ ከጫካ ሌላ ትቆርጣለች። ልጅ አዝላ ወደ ገበያ ስትሄድ ጠቅልላ ትይዘዋለች፤ ሸማዋን ጀምራ እንጀራ መጋገር ቢያስፈልጋት ከወገብዋ ፈትታ ትሰቅለዋለች። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። ሁይፒል የሚባለው የማያ ሴቶች ቀሚስ ጥለቱ እንደ መንደሩ የተለየ ነው። የቺቺካስቴናንጎው ከሳንቲያጎ አቲትላኑ፥ የአቲትላኑም ከሳን አንቶኒዮ አጓስ ካሊየንቴሱ በሩቅ ይለያል። ጥለቱን የምታስገባው ሸማኔዋ ተጨማሪ ክር በጣትዋ እየለቀመች ነው፤ ንድፉም በወረቀት ሳይሆን በራስዋ ውስጥ ነው። የጨርቁ ስፋት ሁለት እጆችዋ ከሚደርሱበት አያልፍም፤ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ቀሚስ ይሆናል። መቀስ አይነካውም። አራቱም ጠርዞቹ ከመሸመኛው እንደ ወጡ ያለቁ ናቸውና።

ይህ የመንደር ምልክት ግን አንድ ጊዜ ለሞት ምክንያት ሆነ። ጓቴማላ ከ1960 እስከ 1996 በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። እውነቱን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሲዮን በ1999 ባወጣው መግለጫ፥ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሰው እንደ ተገደለ ወይም እንደ ጠፋ፥ ማንነታቸው ከታወቀው ተጎጂዎችም ከመቶ 83ቱ ማያዎች እንደ ነበሩ ገልጿል። ሁይፒል የለበሰች ሴት ከየት መንደር እንደ መጣች ለወታደር ሳትናገር ትታወቅ ነበርና፥ ሸሽተው ወደ ሌላ ስፍራ ከሄዱት ብዙዎቹ የእናቶቻቸውን ልብስ አውልቀው ሸሸጉ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ግን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሌላ ሀብት ስላልነበራቸው ወደ መሸመኛው ተመለሱ። በ1988 በኬትሳልቴናንጎ ከተማ ከልዩ ልዩ የደጋ አውራጃዎች የተሰበሰቡ ሴቶች ትራማ የሚባል የወገብ ሸማኔዎች ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር ጨርቅ ከመሸጡም በላይ፥ ሥራውን ለመማር ከውጭ አገር ለሚመጡ እንግዶች ትምህርት ይሰጣል። በ2016 ደግሞ ሌሎች የጓቴማላ ሸማኔዎች፥ ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች የአያቶቻቸውን ጥለት ሳያስፈቅዱ እየቀዱ ስለሚሸጡ ሕግ እንዲጠብቅላቸው ለአገራቸው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤት ብለዋል። በፔሩም እንዲሁ በ1996 በኩስኮ ከተማ የጥንቱን ሽመና የሚጠብቅ ድርጅት ተመሥርቷል፤ መሥራቾቹ ቺንቼሮ ከምትባለው መንደርና ከአካባቢዋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው።

አሁን ይህ የኑሮና የግብር ሥራ እንዴት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሊሆን እንደ ቻለ ጥቂት እንበል። በዚህ ረገድ ስምዋ ከሚነሣው አንዲቱ በ1899 በበርሊን የተወለደችው አኒ አልበርስ ናት። በ1922 ባውሃውስ ወደሚባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ገባች፤ በዚያ ዘመን ሴቶች የሚመሩት ወደ ሽመናው ክፍል ስለ ነበረ፥ እርስዋም ሳትወድ ገብታ ኋላ ወደደችው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ትምህርት ቤቱ በ1933 ተዘጋ፤ እርስዋም ከባልዋ ጋራ ወደ አሜሪቃ ተሰድዳ በሰሜን ካሮላይና በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ አስተማረች። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ እየተመላለሰች የአገሩን ሸማ አጠናች። ተማሪዎችዋን ስታስተምርም ከትልቁ መሸመኛ አስቀድማ የወገብ መሸመኛ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ ታደርግ ነበር። በ1949 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር ሥራዋ ብቻውን ለትርኢት ቀረበ። በ1965 ስለ ሽመና ያሳተመችውን ትልቅ መጽሐፍ ለጥንታውያኑ የፔሩ ሸማኔዎች መታሰቢያ አድርጋ፥ እነርሱን መምህሮችዋ ብላ ጠርታቸዋለች። በኤውሮፓ የተማረች ሴት ስማቸው ያልታወቀ የመንደር ሴቶችን መምህሮቼ ስትል መስማት በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይህ ሽመና በአሜሪቃና በኤውሮፓ ብዙ ወዳጆች አግኝቷል፤ ለጀማሪዎች የሚሆኑ መጻሕፍትም ታትመዋል።

ለመጀመር የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር እኛ የደረሰብንን እንንገረው። ጀማሪ ሰፊ ጨርቅ አይመኝ። በቺንቼሮ ሕፃናት የሚጀምሩት ሃኪማ በሚሉት ጠባብ ማሰሪያ ነው፤ ለእኛም የሚበጀን ይኸው ነው። ክሩ ጠንካራ፥ ለስላሳና ወፈር ያለ የጥጥ ክር ይሁን፤ ጸጉር የሚያወጣ ክር በቀለበቶቹ መካከል እየተያያዘ ያሰቃያል። ዘንጎቹን ከአሮጌ የመጥረጊያ እጀታ ቆርጠን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናቸው። መምቻውን አናጢ ጠረበልን። መታጠቂያውም የቆየ የቡሉኮ ቁራጭ ነው። ድሩን ለማድራት በሳንቃ ላይ አራት ችካል ተከልን፤ ክሩ በችካሎቹ መካከል የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ይመላለሳል። በመካከል የሚሠራው መስቀለኛ የሥራው ሁሉ ነፍስ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ተራውን የሚያውቀው በእርሱ ነውና። እኛ 19 ዙር አድርተን 38 ክር ካገኘን በኋላ፥ መስቀለኛውን በክር ሳናስር ድሩን ከችካሉ ላይ አነሣነው። የሦስት ሰዓት ሥራ በአንድ ጊዜ የወፍ ጎጆ ሆነ። ሁለተኛውን ድር ስናደራ መስቀለኛውን በአራት ቦታ አሰርነው፤ አንድ ቦታ ይበቃ እንደ ነበረ ያወቅነው በኋላ ነው።

ቀለበቶቹን ማሰር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁሉም አንድ ቁመት ካልሆኑ የድሩ አፍ እኩል አይከፈትም። ክሩም እየተፋቀ ይበጠሳል። የጓቴማላ ሴቶች ድሩን በበቆሎ ውኃ ስለሚነክሩት እኛም ቀጭን የበቆሎ ሙቅ አፍልተን ክሩን ነከርንበትና በእርግጥ ጠነከረ፤ ጉንዳን ግን ጠራብን። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የወገብ ነገር ነው። ዘንጉን ስናነሣ ወደ ፊት ዘንበል ብለን ድሩን ማላላት፥ ማጉን ስንመታ ወደ ኋላ መለጠጥ አለብን፤ ይህም እንደ እስትንፋስ ሳያስቡት የሚሆን እስኪሆን ድረስ ጨርቁ አንድ ቦታ ሰፊ አንድ ቦታ ጠባብ እየሆነ እባብ ይመስላል። በሩ ሲንኳኳ ከመስኮቱ ጋራ ታስረን መነሣት አቅቶን፥ ግቡ እያልን ስንጮኽ እንግዳው ገብቶ ያየንን ሁኔታ እስከ ዛሬ ለሰው ያጫውታል። ሁለት ወር በማታ በማታ ሠርተን ያገኘነው ስፋቱ ሦስት ጣት፥ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል የሆነ ማሰሪያ ነው።

ይህን ስንሠራ ሳንወድ የምናስበው የአገራችንን ሸማኔ ነበር። በማሌዥያ በሳራዋክ የሚኖሩት ኢባኖች ፑዋ ኩምቡ የሚሉትን ትልቅ ጨርቅ በወገብ መሸመኛ ይሠራሉ፤ ክሩን ለቀለም የሚያዘጋጁበትን ሥርዓት ደግሞ የሴቶች ጦርነት ብለው ይጠሩታል። ይህን ሥርዓት የምታውቅ ሴት በጦር ሜዳ ከተዋጋ ወንድ ጋራ እኩል ትከበር ነበር። በእኛ አገር ሴቶች ፈትለው የሚሰጡትን ልቃቂት የሚሸምነው ወንድ ነው፤ በጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ፥ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ፥ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። የሠራውን ልብስ ንጉሡም ካህኑም ይለብሱታል፤ እርሱ ግን ቁጢት በጣሽ እየተባለ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን ጨምሮ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ግን አፍን ሊከለክል ቢችል ልብን ቶሎ አይደርስበትም፤ በልጅነታችን ይህን ስድብ በጨዋታ ቦታ ስንወራወረው ትርጉሙን እንኳ አናውቀውም ነበር።

ማሰሪያውን ጠቅልለን አንድ ቅዳሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ነጠላ የሚሠሩልን ሽማግሌ የዶርዜ ተወላጅ ሲሆኑ፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከጉድጓዱ ዳር ያልተለዩ ሰው ናቸው። ያመጣነውን ስናሳያቸው ሥራቸውን አቁመው በእጃቸው ተቀበሉን። «ጉድጓዱ ወዴት ነው?» አሉን። ጉድጓድ እንደሌለው፥ ገመዱ ከመስኮት እንደሚታሰር፥ ቋሚው እኛው ራሳችን እንደ ሆንን አስረዳናቸው። ሳቁ። ከዚያም መታጠቂያውን ጠይቀው በወገባቸው አዞሩትና ገመዱን ከቤታቸው ምሰሶ ጋራ አሰሩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ወደ ፊት ብለው ሞከሩት፤ ዐሥር ማግ ያህል አስገቡ። እርሳቸው የሠሩት ከእኛ ከሠራነው በታች ቀጥ ብሎ እንደ መሥመር ታየ።

«አባባ፥ ከዚህ በፊት ሠርተውበታል?» አልናቸው።

«የት አይቼው ልጄ!» አሉን።

ከዚያ ማሰሪያውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በቀስታ ሳቡት። ዓይናቸው ወደ ደጅ ነበር። እንደገናም ወደ መጀመሪያው መልሰው ሳቡትና፥ «መነሻው ላይ ሠላሳ ስምንት ክር ነው፤ እዚህ ላይ ሠላሳ ሰባት ነው። አንዱን የት ጣልኸው?» ብለው ጠየቁን።

በሦስተኛው ማታ ከዳር ተበጥሶ፥ ማን ያየዋል ብለን መዝዘን የጣልነው ክር ነበር።